ብስክሌት ላይ የስፖርት ሰዓት፦ የትኛውን ቁጥር ልመን?

የስፖርት ሰዓት እርምጃ በመቁጠር የታወቀ ዕቃ ነው። ብስክሌት ላይ ደግሞ እርምጃ የለም። ብዙ ሰው አዲስ ሰዓት ገዝቶ፣ ከመገናኛ ተነስቶ ሰንዳፋ ደርሶ ሲመለስ፣ ሰዓቱ "ዛሬ ብዙም አልተንቀሳቀሱም" ይለውና ይናደዳል። ዕቃው አልተበላሸም። ውስጡ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ የሚያየው የእጅን መወዛወዝ ነው። እጃችሁ መሪው ላይ ተቀምጦ እግራችሁ ብቻ ሲሠራ፣ ለእሱ ቁጭ ያላችሁ ይመስለዋል። ስለዚህ ሳይክል የምትነዱ ከሆነ የእርምጃውን ቁጥር እርሱት። በቀን 10 ሺህ እርምጃ የሚባለው ግብም ቢሆን በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ጋር የተስፋፋ ነው እንጂ ለብስክሌተኛ የተቀመጠ መለኪያ አይደለም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምነዳው አዲስ አበባ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ታክሲው ሳይበዛ እወጣለሁ። አዘቦት ቀን ብዙ ጊዜ ወደ እንጦጦ፣ እሁድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ራቅ ወዳለ ቦታ። ሰዓት አስሬ መንዳት ከጀመርኩ ዓመታት ስላለፉ፣ አዲስ የሚቀላቀሉን ልጆች ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ "ይሄ ቁጥር እውነት ነው?" አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ግምት ነው። አንዳንዱን ደግሞ ባታዩት ይሻላል። ሰዓቱ የሚጠቅመው ይህን ለለየ ሰው ነው። ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ከራሳችሁ ጋር ስታነጻጽሩበት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሰዓቱ ላይ የስፖርት ዝርዝሩን ክፈቱና "ሳይክሊንግ" የሚለውን ምረጡ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር ይለውጣል። ስፖርት ካልተመረጠ አብዛኛው ሰዓት ባትሪ ለመቆጠብ የልብ ምትን የሚለካው አልፎ አልፎ ነው። ሲመረጥ ግን ያለማቋረጥ ይለካል፣ ጂፒኤሱንም ያበራል። ቤት ውስጥ በቆመ ሳይክል የምትሠሩ ከሆነ የቤት ውስጡን ምረጡ፤ አለዚያ ጂፒኤሱ ያልሄዳችሁበትን መንገድ ሊስልላችሁ ይችላል።

ስለ ጂፒኤስ ካነሳን፣ ርካሾቹ ባንዶች (እንደ አምባር እጅ ላይ የሚታሰሩት ቀጫጭን መለኪያዎች) ብዙዎቹ የራሳቸው ጂፒኤስ የላቸውም። የስልካችሁን ነው የሚዋሱት። ያኔ ስልኩ አብሯችሁ መሄድ አለበት፣ ብሉቱዙም መብራት አለበት። ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ውስጡ ያለውን የሰዓቱን አፕ መንገድ ላይ ከዘጋው ደግሞ ጉዞው ተቆርጦ ይቀራል። መፍትሔው ሴቲንግ ገብቶ የባትሪ ቁጠባው ያንን አፕ እንዳይነካው ማድረግ ነው። የራሱ ጂፒኤስ ላለው ሰዓትም ቢሆን፣ ከፎቁ ሥር ሆናችሁ ጀምር አትበሉት። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቆማችሁ ሳተላይት እስኪይዝ ትንሽ ጠብቁ። ጫማችሁን እስክታስሩ፣ ጎማ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጋችሁ አየሩን እስክታዩ ድረስ ይይዛል።

ርቀቱ እንግዲህ ከሁሉም ቁጥሮች የበለጠ የሚታመን ነው። አማካይ ፍጥነቱ ላይ ግን አንድ ነገር እወቁ። ሰዓቱ ስትቆሙ በራሱ የሚቆም ከሆነ መብራት ላይ የጠበቃችሁትን አይቆጥርም። ያ አገልግሎት ከጠፋ ግን ሁሉንም ይቆጥራል። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ከመረጣችሁ በኋላ ግን አትቀያይሩት። ከፍተኛው ፍጥነት ከሰማይ ወርዶ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካላችሁ፣ የጂፒኤስ መዝለል ነውና አትደነቁበት።

የወጣችሁትን ከፍታ በተመለከተ፣ ጂፒኤስ ወደ ጎን ከሚስተው ይልቅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተው ይበልጣል። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ሰዓት ዳገትን በደንብ ይይዛል። የሌለው ከሆነ አፑ ከካርታ ላይ እንዲያርመው አድርጉ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ዳገትና ቁልቁለት ከተማ ይህ ቁጥር ከርቀቱ እኩል አስፈላጊ ነው። 20 ኪሎ ሜትር በቦሌ መንገድና 20 ኪሎ ሜትር በእንጦጦ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ የልብ ምት።

ሰዓቱን ስታወልቁት ጀርባው ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ውጦ ያስቀራል። ልብ በመታች ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም በዛ ስለሚል፣ ወደ ሰዓቱ የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል። በሁለት ምት መሃል ደግሞ ይጨምራል። ሰዓቱ የሚያነበው ይህን ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ብርሃኑን የሚረብሽ ነገር ሁሉ ቁጥሩንም ይረብሻል ማለት ነው። ብስክሌት ላይ ደግሞ የሚረብሽ ነገር አይጠፋም።

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የምንወርድበትን ቁልቁለት እንይ። ፔዳል አትመቱም። ሁለቱም እጆች ፍሬን ጨብጠዋል። የእጅ አንጓችሁ ወደ ላይ ታጥፏል። የጠዋቱ ነፋስ ጣታችሁን አደንዝዟል። ቤት ገብታችሁ ግራፉን ስታዩ፣ ዳገቱ ላይ 165 አካባቢ ረግቶ የነበረው መስመር ቁልቁለቱ ላይ አንዴ 95፣ አንዴ 178 እያለ ይዘልላል። ልባችሁ እንዲህ አልዘለለችም። አጥብቃችሁ ስትጨብጡ የክንዳችሁ ጡንቻና ጅማት ይወጠርና ሰዓቱ ከቆዳው ይነሳል። ብርዱ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያጠባል። መንገዱ ደግሞ ሰዓቱን ያንቀጠቅጠዋል። ሰዓቱ ከዚህ ሁሉ መሃል የልብ ምት ለይቶ ማውጣት ያቅተዋል።

ኮብልስቶን ላይም ያው ነው። እዚያ ላይ ያለውን ንባብ እኔ ጨርሶ አላየውም።

ሌላው ነገር መዘግየቱ ነው። ድንገት ተነስታችሁ በኃይል ስትመቱ ልባችሁ ወዲያው ትፈጥናለች፤ የእጅ ሰዓቱ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርስባት። ለአንድ ደቂቃ ፈጥኖ ለአንድ ደቂቃ ማረፍ ዓይነት ልምምድ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሰዓቱ "ደረስኩ" ሲል እናንተ ማረፍ ጀምራችኋል።

የሚሻሻልበት መንገድ አለ። ሰዓቱን ከእጅ አንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክርናችሁ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። እዚያ ሥጋ አለ፣ እጅ ሲታጠፍም ብዙ አይነሳም። ቢሮ ከምታስሩት ይልቅ ትንሽ ጠበቅ ይበል፤ ግን እጃችሁን እስኪያደነዝዝ አይሁን። ከንጋቱ ብርድ እጅጌያችሁን ከላዩ አውርዱበት፣ ሙቀቱንም ጨለማውንም ይፈልገዋል። ጀርባው ላይ የሚደርቀውን ላብና የፀሐይ ክሬም በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ክንዳችሁ ላይ ንቅሳት ካለ ቀለሙ ብርሃኑን ስለሚይዘው ሌላውን እጅ ሞክሩ። እንዲህ ታስሮ፣ ረጋ ባለ አስፋልት ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስትነዱ የእጅ ሰዓት በጣም ጥሩ ይሠራል። ለዚህ ዓይነቱ መንዳት ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልግም።

ዳገትና ፈጣን ልምምድ ለሚያበዛ ግን ደረት ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ እመክራለሁ። እሱ ብርሃን አይጠቀምም። ልብ ስትመታ የምታመነጨውን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ መንቀጥቀጥም ሆነ አጥብቆ መጨበጥ ብዙ አይረብሸውም። ፖላር የሚባለው የፊንላንድ ኩባንያ የመጀመሪያውን ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያ ለስፖርተኞች ያቀረበው በ1982 ሲሆን የደረት ቀበቶ አሠራር እስከ ዛሬ ያው ነው። ከመታሰሩ በፊት ቆዳ የሚነካውን ክፍል በውኃ ማርጠብ የግድ ነው። ደረቅ ከሆነ ላብ እስኪያረጥበው ድረስ የተሳሳተ ነገር ያነባል። እኛ ሴቶች ከጡት መያዣው የታችኛው ጠርዝ ሥር እንዲገባ አድርገን ብናስረው አይንሸራተትም፣ አይልጥምም። ስትመለሱ እጠቡት፤ የላብ ጨው ቶሎ ይበላዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ሰዓታችሁ ከውጭ መለኪያ መቀበል ይችል እንደሆነ አረጋግጡ። ብዙ ርካሽ ባንዶች አይቀበሉም። ያኔ ቀበቶውን በብሉቱዝ በቀጥታ ከስልካችሁ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ደረት ላይ ማሰር ለማይመቸው፣ ከክርን በላይ ክንድ ላይ የሚታሰርም አለ። እሱም በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ቦታው ግን ከእጅ አንጓ በጣም ይሻላል።

የልብ ምቱ በትክክል ተለካ እንበል። ቀጥሎ ሰዓቱ በአምስት ዞን፣ ማለትም ከቀላል እስከ ከባድ ባሉ የጥረት ደረጃዎች ይከፋፍልላችኋል፤ ክፍፍሉን የሚያወጣው ከከፍተኛው የልብ ምታችሁ ነው። ያንን ከፍተኛ ደግሞ ማንም አልለካላችሁም። አብዛኛው ሰዓት ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሶ ያስቀምጠዋል። ዕድሜሽ 35 ከሆነ 185 ይላል። ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው። የአንድ ሰው ትክክለኛ ቁጥር ከዚያ በ10 ወይም በ12 ምት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። በ2001 የወጣ ሌላ ቀመር አለ፤ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ላይ መቀነስ። በ35 ዓመት ሁለቱ ይቀራረባሉ። በ60 ዓመት ግን አንዱ 160፣ ሌላው 166 ይሰጣል። ስለዚህ በዕድሜ የገፉ ነጂዎች በመጀመሪያው ቀመር "አደገኛ ቀይ ዞን ውስጥ ነዎት" ቢባሉ ወዲያው አይደንግጡ። የእኔን ያገኘሁት ከቀመር ሳይሆን፣ በደንብ ባረፍኩበት ቀን፣ በደረት ቀበቶ፣ ረጅም ዳገት መጨረሻ ላይ ያለኝን ሁሉ ሰጥቼ ካየሁት ትልቁ ቁጥር ነው። ይህን ግን ዝም ብሎ ማንም አይሞክረው። ልብ ላይ ችግር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ስፖርት ያልሠራ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

እንጦጦ መንገድ ላይ አዘውትሬ የማገኛቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ። በወጣትነታቸው ይወዳደሩ ነበር። አሁንም በዚያ አሮጌ ሳይክላቸው ረጋ ብለው ይወጣሉ። አንድ ጠዋት አብሬያቸው እየወጣሁ ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ አሁን እያወራሽኝ ነው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ሙሉ አረፍተ ነገር ከጨረስሽ ልክ ነሽ። ቃል ከመሃል ከቆረጥሽ ፈጥነሻል። ሰዓቱን ተይው አላልኩም። መጀመሪያ ትንፋሽሽን ስሚ፣ ከዚያ እሱን እይው።"

እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በተሳተፈችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞች አሰልፋለች። ያኔ ክንድ ላይ የሚታሰር ምንም መለኪያ አልነበረም። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን ታላቅ የብስክሌት ውድድር የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደግሞ ስፖርቱ በቁጥር ተሞልቶ ነበር። በሁለቱም ዘመን ግን ትንፋሽ የሚናገረው አንድ ነው። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሳልቆራረጥ ማውራት የምችልበትን ትልቁን የልብ ምት እየፈለግሁ ያንን የቀላል ቀን ጣሪያዬ አደረግሁት። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው የምነዳው። ፈጣን ቀን ስል ደግሞ በእውነት ፈጣን ይሆናል። ሰዓቱ ከሰጠኝ ጥቅም ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ቀላሉን ቀን ቀላል አድርጎ መጠበቅ። ጓደኛ ከፊት ሲሮጥ፣ ሚኒባስ ከኋላ ሲያስጮህ ሳይታወቅ ይፈጠናል። ጣሪያው ሲታለፍ ሰዓቱ እንዲንቀጠቀጥ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ቁልቁል እያያችሁ መንገድ ከመሳት ያድናችኋል።

ሌላ አገር ከሚኖር ዘመድ ጋር ቁጥር ስትለዋወጡ ተጠንቀቁ። ዱባይ የምትሠራ ጓደኛዬ አል ቁድራ በሚባለው የበረሃ የብስክሌት መንገድ ላይ ከንጋት በፊት ትነዳለች። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ከባሕር ጠለልም ብዙ አይርቅም። እኔ ያለሁት ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም እንዲሁ። ለተመሳሳይ ሥራ የእኔ ልብ ብዙ ትመታለች። የእሷ ደግሞ ሙቀት ሲመጣ ትፈጥናለች፤ ደሙ ለእግር ጡንቻ ብቻ ሳይሆን ቆዳን ለማቀዝቀዝም ስለሚሄድ። ረጅም ጉዞ ላይ ፍጥነታችን ሳይቀየር የልብ ምት ቀስ በቀስ ሽቅብ የሚወጣው በዚህና በውኃ ጥማት ነው። ስለዚህ የእሷን አማካይ ፍጥነት ከእኔ ጋር ማወዳደር ለሁለታችንም አይጠቅምም። ደብረ ዘይት ስንወርድ እንኳ ልዩነቱ ይታወቀኛል፤ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት። የደም ኦክስጅን የሚለኩ ሰዓቶችም በእኛ ከፍታ ላይ ከባሕር ዳርቻው ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳዩ የሚጠበቅ ነው።

እንግዲህ ጥንካሬያችሁ ጨምሯል ወይስ አልጨመረም የሚለውን እንዴት ታውቃላችሁ? እኔ የማምነው አንድ ፈተና አለ። አንድ መንገድ ምረጡ። የእኔ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ነው። የሚነሳበትንና የሚያልቅበትን ቦታ በማይንቀሳቀስ ነገር ወስኑት፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም የግቢ በር ይሆናል። በወር አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ሳይክል፣ ጎማውን በእኩል ነፍታችሁ ውጡት። ባላችሁ አቅም ሁሉ አትሩጡ። የልብ ምቱን አንድ ቦታ ያዙት፤ እኔ 145 ላይ ነው የምይዘው። ከፍ ሲል ማርሽ ቀልል አድርጉ፣ ዝቅ ሲል ጠንከር አድርጉ። ከዚያ የፈጀውን ደቂቃ ብቻ ጻፉ። ልብ እኩል ሠርታ ጊዜው ካጠረ ሰውነታችሁ ተሻሽሏል። እኔን መጀመሪያ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን 27 ደቂቃ አካባቢ ነው። ክረምት ላይ፣ መንገዱ ረጥቦ ነፋስ ሲኖር ይረዝማል፤ ያንን አጠገቡ እጽፋለሁ። መንገዱ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና አህዮች ሲበዙ ደግሞ የዚያን ቀኑን እተወዋለሁ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያላችሁ ዳገቱ ባይኖራችሁም ረጅም ሜዳ አላችሁ። ሄዶ መመለስ አድርጉት፤ የሐይቁ ነፋስ በአንድ በኩል የወሰደውን፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ በሌላው ይመልሳል።

ሰዓቱ ከሳይክሉ ስትወርዱም ይሠራል። ተኝታችሁ ሳለ የሚለካው የዕረፍት ልብ ምት እጅ ስለማይንቀሳቀስ ከልብ ምት ንባቦች ሁሉ የተሻለው ነው። የአንድ ቀኑ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የራሳችሁን የተለመደ ካወቃችሁ በኋላ ግን ብዙ ይናገራል። የእኔ ከተለመደው በአምስት ስድስት ምት ከፍ ብሎ ካደረ ወይ እንቅልፍ አልተኛሁም፣ ወይ ጉንፋን እየመጣ ነው፣ ወይ ያለፈው ጉዞ ድካም አልወጣም። ያን ቀን እንጦጦ አልወጣም። ሴቶች ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት የዕረፍት ልብ ምት በጥቂት ምት ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። የታመማችሁ ወይም የሰነፋችሁ እንዳይመስላችሁ። አፑ ላይ መመዝገብ የሚቻል ከሆነ መዝግቡት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ራሱ ግራፉ ላይ ይታያችኋል። ቡና ጠጥታችሁ ወዲያው የምታዩትን ቁጥርም ከዕረፍት ቁጥር ጋር አትቀላቅሉት።

ጾም ላይ ነገሩ ይቀየራል። በዓቢይ ጾም፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀመስ ሲዋል፣ ተመሳሳይ መንገድ ላይ የልብ ምቴ ከፍ ይላል። ውኃ ሲጎድል በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚያንስ ልብ ቁጥሩን ትጨምራለች። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት የዳገት ፈተናዬን አላደርግም፣ ጣሪያዬንም ዝቅ አደርጋለሁ። የሚሻለኝ 8 ሰዓት ገደማ ወጥቼ ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ ነድቼ፣ ስገባ ወዲያው ውኃና ምግብ ማግኘት ነው። ረመዳን የሚጾሙ ጓደኞቼም ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት ነው የሚነዱት። ማዞር ከመጣ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን ከሳይክሉ ውረዱ።

ካሎሪው ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ አትመኑት። በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መለኪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትሸው ነበር። የልብ ምቱን ስድስቱ ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለክተዋል። የካሎሪውን ግን አንዱም በትክክል አላገኘም። የተሻለው በአማካይ በ27 በመቶ፣ የባሰው በ93 በመቶ ስቷል። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፤ ችግሩ ግን ከሥሩ ነው። ሰዓቱ የሚያውቀው የልብ ምታችሁን፣ ዕድሜያችሁንና የሞላችሁለትን ክብደት ነው። ነፋስ ከፊት እየመጣ ይሁን ከጓደኛ ጀርባ ተጠልላችሁ ይሁን አያውቅም። ውሻ ሲያባርራችሁ ወይም ሚኒባስ ድንገት ሲዘጋባችሁ ልባችሁ ትዘልላለች፤ እሱ ግን እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። ክብደት ለመቀነስ የምትነዱ በተለይ "ሰዓቱ 900 አቃጥለሻል ብሎኛል" ብላችሁ ያንን ያህል አትብሉ። ኃይልን በዋት የሚለካ ፔዳል ያለው ሰው ከዚያ የተሻለ ግምት ያገኛል፤ ዋጋው ግን ከብዙዎቻችን ሳይክል ይበልጣል።

ጉዞውን ስታጋሩ ደግሞ ቤታችሁን አታጋሩ። ስትራቫ የሚባለው የስፖርት ጉዞ መመዝገቢያና ማጋሪያ አፕ ያወጣው፣ የተጠቃሚዎቹን ጉዞ የሚያሳይ የዓለም ካርታ በረሃ ውስጥ ያሉ ወታደራዊ ሰፈሮችን ማጋለጡ በ2018 መጀመሪያ ላይ ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር። ወታደሮቹ ሰዓት አስረው ይሮጡ ስለነበር ነው። እኛም ብንሆን በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ከአንድ በር ወጥተን ወደ አንድ በር ስንመለስ፣ ካርታው ውድ ሳይክል የት እንደሚያድርና ብቻዋን የምትነዳ ሴት የት እንደምትገኝ ይናገራል። አፑ ውስጥ የጉዞውን መነሻና መድረሻ የሚደብቅ ምርጫ አለ። መጀመሪያ እሱን አብሩ። ጉዞው እየተካሄደ ያላችሁበትን ቦታ በቀጥታ የሚያሳየውን ደግሞ ለእናት፣ ለእህት ወይም ለባል ብቻ ክፈቱ። ብቻዬን ራቅ ስል ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ።

መግዛት ላሰባችሁ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ በእሱ ማስመጣት ይሻላል። እዚህ ከገዛችሁ ግን ቀለሙንና የማያ ገጹን ውበት ሳይሆን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የራሱ ጂፒኤስ አለው? ከውጭ የልብ ምት መለኪያ ይቀበላል? ጂፒኤስ በርቶ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? መብራት በሚጠፋበት አገር ሦስተኛው ትልቅ ጥያቄ ነው። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። አንዳንዱ ሰው ጠርሙስ ላይ አስሮ ቁጥር ከሰጠ የውሸት ነው ይላል፤ ደህና የሚባሉትም ጠርሙስ ላይ ቁጥር ሊያነቡ ስለሚችሉ ያ ብቻውን አያሳውቅም። የሚሻለው እጃችሁ ላይ አስራችሁ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ የሕንጻውን ደረጃ ሁለት ሦስት ፎቅ ፈጠን ብሎ መውጣት ነው። እላይ ስትደርሱ ሁለት ጣታችሁን አንገታችሁ ጎን ላይ አድርጋችሁ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ሰዓቱ ላይ ያለው ከዚያ በጥቂት ምት ብቻ ቢለይ፣ እያረፋችሁ ስትሄዱም አብሮ ዝቅ ካለ ይሠራል። እናንተ 140 ቆጥራችሁ እሱ 88 ላይ ተገትሮ ከቀረ መልሱለት።